የአባት ቤት ወቅፍ ሲሆን፦ ከኸይበር እስከ የካ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ከሾላ ገበያ እስከ ኮተቤ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ጉራራ፣ በእንጦጦ ግርጌ ባሉ ሰፈሮቻችን አንድ ጥያቄ እየበዛ መጥቷል። ሰው ከሶላት በኋላ ቀረብ ይልና «አባታችን የግቢው ክፍሎች ኪራይ ለመድረሳ ይሁን ብሎን ነበር፤ አሁን ወደ አኺራ ሄዷል፤ ምን እናድርግ?» ይላል። ሌላው ደግሞ እሱ ራሱ በሕይወት እያለ ይጠይቃል፦ «ልጆቼም እንዳይቸገሩ፣ ሚስኪኑም እንዲያገኝ ቤቴን ምን ላድርገው?» ሁለቱም የሚጠይቁት ስለ ቤተሰብ ወቅፍ ነው። ብዙዎቻችን ወቅፍ ሲባል የመስጊድ ቦታ ወይም የቀብር ቦታ ብቻ ስለሚመስለን፣ አንድ ቤተሰብ በራሱ ንብረት የሚያቆመው፣ ከዘመድ ጀምሮ እስከ መንገደኛ የሚጠቅም ወቅፍ መኖሩን እንኳ ረስተነዋል። እንዴት ረሳነው? ታሪኩን ከመነሻው ማየት ይሻላል።

ዑለማዎች የወቅፍን ነገር ሲያስረዱ በአብዛኛው ከኸይበር ይጀምራሉ። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ከኸይበር መሬት ደረሳቸው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ውድ ንብረት ኖሯቸው አያውቅም። ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው ምን ላድርገው ብለው ሲያማክሩ የተሰጣቸው ምክር፣ መሬቱ ራሱ እንዲያዝና ፍሬው ሰደቃ እንዲሆን ነበር። ዑመርም እንዳይሸጥ፣ እንዳይወረስ፣ ለማንም በስጦታ እንዳይተላለፍ አድርገው አቆሙት። ተጠቃሚዎቹንም ለዩ፦ ድሆች፣ የቅርብ ዘመዶች፣ ነፃ የሚወጡ ባሪያዎች፣ የአላህ መንገድ፣ መንገደኞችና እንግዶች። የሚያስተዳድረውም ሰው ሀብት ሳያከማችበት በልኩ ቢበላ ወቀሳ የለበትም። ልብ በሉ፣ ዘመዶች ከድሆች ቀጥለው ገብተዋል። ዝምድናና ሰደቃ በአንድ ሰነድ ላይ መገናኘታቸው ኋላ የመጣ ብልጠት አይደለም።

ለእንጦጦ ሰው ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ተራራውን ያለበሰው ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ግንዱን እየወሰዱ መኖር ይቻላል፤ ሥሩን የነቀለ ግን አንድ ክረምት ብቻ ይሞቃል። ወቅፍ ሥሩ እንዳይነቀል የሚደረግ ስምምነት ነው።

ከዑመር ታሪክ ጎን ለጎን የአቡ ጦልሓ (ረ.ዐ) ታሪክ አለ። ብዙ ጊዜ በመስጊድ ስንሰማው በግማሹ ይቆምብናል። አቡ ጦልሓ ከአንሷሮች መካከል ብዙ የተምር ዛፍ የነበራቸው ሰው ናቸው። ከሁሉ የሚወዱት በይሩሓእ የተባለውን፣ ከነብዩ መስጊድ ፊት ለፊት ያለውን የአትክልት ስፍራ ነበር። የሚወዱትን ስለ መለገስ የሚናገረው የሱረቱ ኣሊ ዒምራን አንቀጽ ሲወርድ መጥተው ለአላህ ሰጡት። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ስጦታውን አመስግነው ለቅርብ ዘመዶቻቸው እንዲያደርጉት መከሯቸው። አቡ ጦልሓም ለዘመዶቻቸውና ለአጎቶቻቸው ልጆች አከፋፈሉት። እስከዚህ ሁላችንም እናውቃለን። ቡኻሪ ግን ቀጥለው ይዘግባሉ፦ ድርሻ ከደረሳቸው አንዱ ሐሰን ኢብኑ ሣቢት ድርሻቸውን ለሙዓዊያ ሸጡ። የአቡ ጦልሓን ሰደቃ ትሸጣለህ ወይ ተብለውም ተጠየቁ።

ዑለማዎች በዚህ ላይ ብዙ ተነጋግረዋል። ስጦታው ለዘመዶቹ በባለቤትነት የተላለፈ ከሆነ ሐሰን የራሳቸውን ነው የሸጡት፤ ምንም ጥፋት የለባቸውም። ወቅፍ ከነበረ ደግሞ ሌላ ነው። እኛ ከዚህ የምንወስደው ቀላል ነገር ነው። በይሩሓእ እንዳይሸጥ የሚል ግልጽ ቃል አልተቀመጠበትም፤ በተቀባዮቹ ዕድሜ ውስጥ ከፊሉ ተሸጠ። የዑመር ግን ተጻፈ። አቡ ዳውድ ባስተላለፉት ዘገባ ሰነዱን የጻፈው ሙዐይቂብ ነው፤ ምስክሩ ዐብደላህ ኢብኑል አርቀም። ሠምግ የተባለው መሬት በስሙ ተጠቅሷል። አስተዳዳሪዋ በሕይወት እስካለች ድረስ ልጃቸው ሐፍሳ፣ ከእሷ በኋላ ደግሞ ከቤተሰቡ የማመዛዘን ችሎታ ያለው ሰው እንዲሆን ተወስኗል። ጸሐፊ፣ ምስክር፣ የንብረቱ ስም፣ አስተዳዳሪ፣ የአስተዳዳሪው ተተኪ። የዛሬ የሕግ ባለሙያ ከዚህ የተለየ ምን ይጠይቃል? አስተዳዳሪዋ ሴት መሆኗንም «ሴት ልጅ የወቅፍ ናዚር ትሆናለች ወይ?» እያሉ ለሚጠይቁን ወንድሞች በዚሁ እንመልሳለን።

ከሐፍሳ ሳንርቅ ስለ ሴት ልጆች አንድ ነገር እንጨምር። ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) ቤቶቻቸውን ወቅፍ ሲያደርጉ ትዳሯ የፈረሰባት ልጃቸው ተመልሳ እንድትኖርበት ቃል አስገብተዋል፤ ባል ያላት ግን መብት የላትም። ለተቸገረች ሴት ልጅ ማረፊያ ማዘጋጀት ነበር ዓላማው። ከዘመናት በኋላ በብዙ የሙስሊም አገሮች የቤተሰብ ወቅፍ የተገላቢጦሽ ሆነ። ሴት ልጅ በውርስ የሚደርሳትን እንዳታገኝ ንብረቱን «ለወንዶች ልጆቼና ለልጆቻቸው» ብለው የሚያስሩ ሰዎች በረከቱ። ተጠቃሚው በትውልድ ብዛት እየተከፋፈለ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ምንም የማይባል ሆነ፤ አስተዳዳሪዎችም በሉት። በዚህና በሌላ ምክንያት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሶሪያ በ1949፣ ግብፅ በ1952 የቤተሰብ ወቅፍን በሕግ አስቀሩ። በሕንድ ታሪኩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። በ1894 የብሪታንያው ፕሪቪ ካውንስል፣ ቤተሰብ በዋናነት የሚጠቀምበትን ድሃው ግን በሩቅ የሚጠበቅበትን ወቅፍ ዋጋ የለውም ብሎ ፈረደ። ሙስሊሞቹ ለዓመታት ተከራክረው በ1913 የቤተሰብ ወቅፍን የሚያጸና ሕግ አስወጡ። በእኛ ግምት ግብፆቹ በሽታውን በደንብ አይተውታል፤ መድኃኒቱ ግን በሽተኛውን ገደለ።

ወደ አገራችን እንመለስ።

በሐረር ጀጎል ወቅፍ የዕለት ተዕለት ነገር ነበር። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከተማዋን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መቃብር ስፍራዎች ተቆጥረዋል። ያን ያህል ቤት ያለ ቋሚ ገቢ አይቆምም። ከሐረር የተረፉ የእጅ ጽሑፍ ቁርኣኖችና ኪታቦች ላይም ወቅፍ መሆናቸውን የሚናገር ጽሑፍ በብዛት ይገኛል፤ መጽሐፉ እንዳይሸጥ፣ የሚማርበት ሰው እንዲጠቀምበት። መሬት ያልነበረው ሰው ኪታቡን ወቅፍ አደረገ ማለት ነው። በወሎ በኩል ደግሞ በጀማ ንጉሥና በዳና በመሳሰሉት የዒልም ማዕከላት ደረሳውን ያኖረው በዋናነት የአካባቢው ገበሬ እጅ ነበር፤ እህሉን፣ ከብቱን፣ አንዳንዴም እርሻውን ለሸሆቹ ያደርግ ነበር። እዚያ ጽሑፉ ሳሳ ያለ ነው። ሰዉ በቃሉና በሸሁ ክብር ይተማመን ነበር።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ከእንጦጦ ወደ ታች ያለው መሬት ለመኳንንት፣ ለሠራዊትና ለአብያተ ክርስቲያናት ተደለደለ። በየካ በኩልም ምኒልክ ለእንግሊዝ፣ ለፈረንሳይ፣ ለሩሲያና ለጣሊያን ለጋሲዮኖች ሰፋፊ ቦታ ሰጡ፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚለው የሰፈር ስም ከዚያ የቀረ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሰሞን የሚባል መሬት ነበራት፤ ግብሩ አገልጋዩን የሚያኖር። ነገሩን በፍትሕ ካየነው የሰሞን መሬት የወቅፍ የቅርብ ዘመድ ነው። መስጊዶቻችን ግን እንዲያ ያለ የመሬት ሥሪት አልነበራቸውም። የከተማው ሙስሊም በአብዛኛው ነጋዴ ስለነበረ በእጁ የነበረው ቤትና ሱቅ ነው። ስለዚህ ወቅፍ ማድረግ የፈለገ ሰው የሚያደርገው የሚከራይ ቤት ነበር።

ሕጉስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በ1936 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 62 የቃዲና የነኢባ ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን ሲዘረዝር ከጋብቻ፣ ከፍቺና ከውርስ ጋር ወቅፍን በስሙ ጠርቶታል፤ ወቅፉን ያቆመው ሰው ሙስሊም እስከሆነ ድረስ ጉዳዩ በሸሪዓ ይታያል። ቃሉ ከኢትዮጵያ ሕግ ውስጥ ከገባ 80 ዓመት ገደማ ሆነው ማለት ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ምንም ሳይል አለፈ፤ ቀርተዋል ወይስ አሉ እያሉ የሕግ ሰዎች ቢከራከሩም ፍርድ ቤቶቹ ሥራቸውን አላቆሙም። በዚያው ሕግ ከአንቀጽ 516 ጀምሮ፣ አንድ ሰው ንብረቱን ለይቶ በባለአደራ እጅ እንዲተዳደር የሚያደርግበት፣ ዛሬ በተለምዶ ትረስት የሚባለው ሥርዓት ተደንግጓል። ተጠቃሚው ሰው ሊሆን ይችላል፣ ሥራ ወይም ሐሳብም ሊሆን ይችላል። የሕጉ አርቃቂ ፈረንሳዊ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። የቤተሰብ ወቅፍን አስበው ባይጽፉትም በሩ ግን ይገጥማል።

ከዚያ 1967 መጣ።

የካቲት 25 የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ስለዚህ አዋጅ ሲወራ የመኳንንቱ ቪላና የነጋዴው ሕንጻ ብቻ ይታወሳል። ወቅፉን ምን እንዳደረገው ግን ማስተዋል ያስፈልጋል። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት ተተወለት፤ የሚከራየው ተወሰደ። ወቅፍ የሆነ ቤት ደግሞ በተፈጥሮው ባለቤቱ የማይኖርበት፣ ኪራዩ ለሌላ የሚውል ቤት ነው። በአዋጁ ቋንቋ ያ ቤት «ትርፍ» ነው። ወርሃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄደ። ከኪራይ መኖርም ራሱ ተከለከለ። መስጊዱ ቆሞ ቀረ፣ መስጊዱን የሚያኖረው ቤት ሄደ። የቤተ ክርስቲያን ሰሞን መሬትና የኪራይ ቤቶችም በዚያው ዓመት በእነዚሁ ሁለት አዋጆች ነው የተወሰዱት፤ ይህን የምንለው ጉዳቱ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን ነው።

ከንብረቱ በላይ የጎዳን ልማዱ መቋረጡ ነው። ከ1967 በኋላ ባሉት 17 ዓመታት ያደገ ትውልድ አባቱ ቤት ወቅፍ ሲያደርግ አላየም። ያየው የጁሙዓ ዕለት የሚዘረጋውን ጨርቅ ነው፤ መዋጮን ነው። በኋላም ነገሩ ሲላላ ዓይናችን ወደ ባሕረ ሰላጤው ለጋሽ ሄደ። መዋጮ መልካም ነው፤ በየካ ካሉት መስጊዶች ብዙዎቹ ግድግዳቸው የቆመው በእሱ ነው። የኡስታዙን የወር ደመወዝ ግን በየወሩ ጨርቅ እየዘረጉ መክፈል አይቻልም። ሞክረነዋል።

ሕገ መንግሥቱ በ1987 በአንቀጽ 34 እና 78 የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ስፍራ አጸና። በ1992 የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 ደግሞ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በሦስት ደረጃ አዋቀረ፤ ወቅፍ፣ ስጦታ፣ ውርስና ኑዛዜ አሁንም በስማቸው ተጠቅሰዋል። አንድ ትልቅ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ፦ ተከራካሪዎቹ በሸሪዓ ለመዳኘት መስማማት አለባቸው። አንዱ ወራሽ አልስማማም ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ነው።

በእንጦጦ ግርጌ ካሉት ሰፈሮቻችን በአንዱ የሆነውን እንንገራችሁ። አንድ አባት በሕመም ላይ ሳሉ ሰው ሰብስበው፣ ከግቢው ጀርባ ያሉት ሁለት ሰርቪስ ቤቶች ኪራይ ለሕፃናት ቁርኣን ማስተማሪያ ይሁን አሉ። ልጆቹም አሚን አሉ። አባት ሞቱ። ለዓመታት ኪራዩ በየወሩ መጣ፤ አንድም ወር አልጎደለም። ልጆቹ ደጋግ ናቸው። በኋላ አንደኛው ታመመና ድርሻው እንዲሰጠው ጠየቀ። ካርታው በአባት ስም ነው፣ የወራሽነት ማስረጃው ግቢውን ሙሉ ይጠቅሳል፣ ስለ ሁለቱ ክፍሎች የተጻፈ አንድ መስመር የለም። ከአሚን ባዮቹ ሽማግሌዎች ግማሾቹ ወደ አኺራ ሄደዋል። ግቢው ተሸጠ፤ መድረሳውም ያንን ገቢ አጣ። ክፉ ሰው የለበትም ይህ ታሪክ።

በሻፊዒይ መዝሀብ ወቅፍ በግልጽ ቃል ይጸናል፤ ወረቀት የጽናቱ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። በሞት ሕመም ላይ የተደረገ ከሆነ ደግሞ እንደ ኑዛዜ ከሢሶ አያልፍም። የአገሩ ሕግ ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ ኑዛዜ ሥርዓት ካልተደረገ ዋጋ የለውም ይላል፤ ተጽፎ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ፣ ተፈርሞ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል የሚያረጋግጥ ሹም ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። በቃል የተደረገ ኑዛዜ ደግሞ ከ500 ብር በላይ ለማውረስ አይችልም። ስለዚህ የእኚያ አባት ወቅፍ በአላህ ዘንድ ታውቆ ሳለ በመዝገብ ቤት በኩል ግን እንዳልነበረ ተቆጠረ።

አንዳንድ ወንድሞች «መሬቱ የመንግሥት ነው፤ የራሳችን ያልሆነውን እንዴት ወቅፍ እናደርጋለን?» ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን በሐለቃዎቻችን በምንቀራው ኪታብ ውስጥ አለ። ኢማሙ ነወዊ በ676 ሂጅራ ነው ያረፉት። ሚንሃጅ ላይ በወቅፍ ምዕራፍ፣ በተከራዩት መሬት ላይ የተሠራን ቤት ወይም የተተከለን ዛፍ ወቅፍ ማድረግ በትክክለኛው አቋም እንደሚቻል አስፍረዋል። ከሊዝ ሥርዓታችን ከ700 ዓመት በፊት ማለት ነው። ወቅፍ የሚሆነው ቤቱና በላዩ ያለን መብት ነው። የአያት ኮንዶሚኒየም ክፍልም በዚህ ይገባል፤ የባንክ ዕዳ ያለበት ከሆነ ግን ባንኩ ሳይፈቅድ አይሆንም፣ በመያዣ ያለ ንብረት ነውና። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነን ቤት ባል ብቻውን ሊሰጠው አይችልም፤ የሚስት ፊርማ ያስፈልጋል። ይህን ስንነግራቸው ፊታቸው የሚቀየር ወንድሞች አሉ። ቤቱን አብራ የሠራችው እሷ ናት እኮ።

ዓላማው ሙሉ በሙሉ ለሕዝብ የሆነ ቤተሰብ ሌላ መንገድም አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የበጎ አድራጎት ኢንዶውመንትን ይፈቅዳል። ንብረት በስጦታ ወይም በኑዛዜ፣ ለዘለቄታውና በማይሻር ሁኔታ ለበጎ ዓላማ ብቻ ይመደባል፤ ይህ ትርጉም ከዑመር ወቅፍ የሚለየው በቋንቋው ነው። በባለሥልጣኑ ይመዘገባል፣ ሒሳቡን በየዓመቱ ያቀርባል። ለአስተዳደር የሚወጣው ወጪ ከጠቅላላው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ሕጉ ያዛል። አስተዳዳሪ በልኩ ይብላ የተባለውን እዚህ በቁጥር አስቀመጡት። ልጆችና ዘመዶችም እንዲጠቀሙ የሚፈልግ ሰው ግን ለዚህ ምዝገባ አይመጥንም፤ የእሱ በር የፍትሐ ብሔሩ ትረስት ነው። እንዲህ ያለውን ሰነድ ያለ ሕግ አዋቂ አትሞክሩት እንላለን። ለጠበቃ የሚወጣው ገንዘብ ከሠርግ ድንኳን ኪራይ አይበልጥም።

በመጨረሻ የሰሞኑ ጉዳይ። ከአራት ኪሎ በቀበና ወደ መገናኛ የሚወስደው መንገድ በ2016 በኮሪደር ልማት ሲሰፋ ቤታቸው የተነሳባቸው ብዙዎች ናቸው። «ወቅፍ የነበረ ቤት ቢፈርስና ካሳ ቢሰጥ ገንዘቡ የማን ነው?» ተብለን ተጠይቀናል። በሻፊዒይ መዝሀብ ወቅፍ የሆነ ንብረት ጠፍቶ ዋጋው ሲከፈል ዋጋው የተጠቃሚዎቹ አይሆንም፤ ምትክ ተገዝቶበት እሱ በቦታው ወቅፍ ይሆናል። የምትክ ቤቱ ወይም የካሳው ቼክ የሚወጣው ግን በካርታው ላይ ስሙ ባለው ሰው ነው። የተረጋገጠ ሰነድ ያለው ናዚር ይዞ ይቀርባል። ሰነድ ከሌለ ወራሾች በሙሉ ተስማምተው በአንድ ቃለ ጉባኤ ወቅፍነቱን ቢያምኑና፣ ካሳው ከመከፋፈሉ በፊት በሰነዶች ማረጋገጫ ቢያስመዘግቡት ይተርፋል። ከተከፋፈለ በኋላ ለመሰብሰብ መሞከር እጅግ ከባድ ነው።

ስለ ናዚር ተጠያቂነትና ስለ ሒሳብ አያያዝ ኢንሻአላህ በሌላ ጽሑፍ እንመለሳለን። ወላሁ አዕለም።